እርስዎ ሲደነዝዙ ጉበትዎ ምን ይሠራል?

በሚቀጥለው በዓል በጉ ታርዶ ጉበቱ ለዱለት ሲመጣልዎ፣ መክተፍ ከመጀመርዎ በፊት አንዴ ገልብጠው ይዩት። ሐሞቱ በጥንቃቄ በተነሣበት ጎን፣ ወደ መሐሉ ገደማ፣ የተቆረጡ ቱቦዎች ጫፍ አለ።

አንደኛው ሰፊ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ በጣት ጫን ሲሉት ወዲያው ይተኛል። አጠገቡ ያለው ቀጭን ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል ቢያሹት ጠንከር ይላል፣ አፉም ክብ እንደሆነ ይቆማል። አረንጓዴ ነገር የቀረበት ሦስተኛ ቱቦም ያገኛሉ፤ እሱ የሐሞት መውጫ ነውና ለዛሬ እንለፈው።

ሰፊውም ቀጭኑም ደም ወደ ጉበት የሚያስገቡ ናቸው። ይህ ያልተለመደ ነገር ነው። ከዚያው በግ የወጣውን ኩላሊት ቢያገላብጡ ደም የሚገባበት መንገድ አንድ ዓይነት ነው፤ ከልብ የሚመጣ ደም ቅዳ። ጉበት ግን ከሁለት ቦታ ይቀዳል።

የዚህ አሠራር ብልሃት ጎልቶ የሚወጣው ሰው ለኦፕራሲዮን ሙሉ ማደንዘዣ ሲወስድ ነው። መድኃኒቱ አእምሮን ብቻ አያስተኛም፤ የደሙንም አካሄድ ይለውጣል። ጉበትስ ያን ጊዜ እንዴት ይሆናል?

በ40 ሴኮንድ አንድ ሊትር

የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። የሚደርሰው ደም ግን ከክብደቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ የሚሆነው በእሱ በኩል ያልፋል። በደቂቃ 1.5 ሊትር ገደማ ማለት ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ባለ አንድ ሊትር የውኃ ጠርሙስ ከቧንቧው ሥር ይያዙና ሰዓት እያዩ ቧንቧውን ያስተካክሉ። ጠርሙሱ በ40 ሴኮንድ ሲሞላ ልኩን አገኙት። ቧንቧው ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ተከፍቶ ቢውል የውኃ ሒሳቡ ያስደነግጣል፤ ጉበትዎ ግን ሌሊቱንም ጭምር አያቋርጥም።

ሰፊው ቱቦ ፖርታል ደም መልስ ይባላል። ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከጣፊያና ከቆሽት የተሰበሰበውን ደም ያመጣል። ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ በዚህ በኩል ነው። ይህ ደም አንጀትን አገልግሎ የሚመጣ ስለሆነ ከያዘው ኦክስጅን ከፊሉን እዚያው አራግፎ ነው የሚደርሰው።

ቀጭኑ የጉበት ደም ቅዳ ነው። በመጠን ሩብ ያህል ብቻ ቢያመጣም ደሙ ከልብ በቀጥታ የመጣ ትኩስ ደም ነው። ስለዚህ ጉበት ከሚያገኘው ኦክስጅን ግማሽ የሚሆነው ከዚህ ከቀጭኑ ነው።

ከበሉት አብዛኛው መጀመሪያ የሚያልፈው በሰፊው ቱቦ ወደ ጉበት ነው። የዋጡት ኪኒንም እንደዚሁ። ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጠውን ፕሮፕራኖሎል ይውሰዱ፤ በአፍ ሲሆን በ10ና በ40 ሚሊግራም ኪኒን ይታዘዛል፣ በደም ሥር ሲሰጥ ግን አንድ ሚሊግራም ገደማ ይበቃል። ልዩነቱን ያመጣው ጉበት ነው፤ ኪኒኑ ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት አብዛኛውን ሰባብሮ ያስቀረዋል።

የበረካው ሙከራ

ጉበት አንድ ችግር አለበት። በሰፊው ቱቦ ላይ ሥልጣን የለውም። በዚያ በኩል የሚመጣውን ደም መጠን የሚወስኑት ወደ ጨጓራና ወደ አንጀት የሚሄዱት ደም ቅዳዎች ናቸው። ምሳ ሲበሉ አንጀት ደም ይስባልና መጠኑ ይጨምራል። ታክሲ ለመያዝ ሲሮጡ ደሙ ወደ እግር ጡንቻ ይሄዳልና ይቀንሳል። ጉበት የመጣለትን ከመቀበል በቀር ምርጫ የለውም።

ምርጫ ያለው በቀጭኑ ላይ ነው። በሰፊው የሚመጣው ሲቀንስ ቀጭኑ ይሰፋል፤ ሲበዛ ደግሞ ይጠብባል። ታዲያ ቀጭኑ ቱቦ የሰፊውን ነገር በምን አወቀ? በነርቭ ነው እንዳንል፣ ከሌላ ሰው ተወስዶ የተተከለ፣ ነርቮቹ የተቆረጡ ጉበትም ይህንኑ ያደርጋል። ነገሩን ለማየት ከረከቦቱ ላይ የተረፈች በረካ ትበቃለች።

አንድ የመስታወት ብርጭቆ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርገው ከቧንቧ ሥር ያስቀምጡ። ቧንቧውን ደህና አድርገው ይክፈቱት። ውኃው ከብርጭቆው አፍ እየፈሰሰ ሳለ ቡናውን በሻይ ማንኪያ ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ቡናው ወዲያው ይታጠባል፤ ብርጭቆውም ጥርት እንዳለ ይቆያል።

አሁን ጠብታውን ሳይለውጡ ቧንቧውን ቀጭን ክር እስኪያህል ይዝጉት። ብርጭቆው መጥቆር ይጀምራል። የቡናው ጠብታ ያው ነው፤ የቀነሰው የሚያጥበው ውኃ ነው። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ለአበባዎ ያጠጡት፤ ብርጭቆውን ግን አያንሡት፣ ደጋግመን እንመለስበታለን።

በጉበት ውስጥ የቡናውን ቦታ የያዘው አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሁለቱ ቱቦዎች ጥቃቅን ቅርንጫፎች ጎን ለጎን በሚያልፉበት ጠባብ ቦታ ሳያቋርጥ ጥቂት በጥቂት ይመነጫል። ሥራው ደም ሥርን ማስፋት ነው። የፖርታል ደም ሲበረታ አዴኖሲኑን አጥቦ ይወስደዋል፣ ቀጭኑ ቱቦም እንደጠበበ ይቆያል። ፖርታሉ ሲደክም አዴኖሲን ይጠራቀማል፣ ቀጭኑም ይከፈታል። መለኪያው መታጠቡ ራሱ ነው።

ይህን ማካካሻ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንቶ ያብራራው ካናዳዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ዌይን ላውት ነው። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ማካካሻው ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ቀጭኑ ቢደክም ሰፊው አይደርስለትም። ሁለተኛ፣ የጎደለውን ሁሉ አይተካም፤ ያቃልላል እንጂ።

ማደንዘዣው ሲገባ

አሁን ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እንግባ። ታካሚው ተኝቷል። አብዛኞቹ ማደንዘዣዎች ልብ የሚረጨውን ደም ይቀንሳሉ ወይም ደም ሥሮችን ያላላሉ፤ ግፊትም ይወርዳል። ወደ አንጀት የሚሄደው ሲቀንስ በፖርታል የሚመጣውም ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ ይህ የአብዛኞቹ ጠባይ ነው።

መድኃኒቶቹ የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄው ቀጭኑ ቱቦ እንዲከፈት ይተዉታል ወይስ አይተዉትም የሚል ነው።

ሃሎቴን አይተወውም። ይህን በትንፋሽ የሚሳብ ማደንዘዣ እ.ኤ.አ. በ1951 ቻርለስ ሳክሊንግ የተባለ ኬሚስት እንግሊዝ አገር በአይሲአይ ኩባንያ ሠራው፤ በ1956 ደግሞ ሐኪሙ ማይክል ጆንስተን ማንቸስተር ውስጥ በታካሚዎች ላይ ተጠቀመበት። ከእሱ በፊት የነበረው ኤተር በእሳት የሚቀጣጠል ስለነበር እሳት የማይነካው ሃሎቴን ትልቅ እፎይታ ሆነ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎችም ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። ነገር ግን ሃሎቴን የልብን ጉልበት ይቀንሳል፣ በፖርታል የሚመጣውን ያሳንሳል፤ በዚያ ላይ ቀጭኑ ቱቦ ለማካካስ የሚያደርገውን መከፈት ያደክመዋል። ጉበት በሁለቱም በኩል ይጎድልበታል።

ከእሱ በኋላ የመጡት አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን የተሻሉ ናቸው። እነሱም በፖርታል የሚመጣውን መቀነሳቸው አልቀረም፤ ቀጭኑ ቱቦ ግን ሲከፈት አያግዱትም። በመጠኑ እስከተሰጡ ድረስ ጉበት የሚያገኘው ኦክስጅን ያን ያህል አይናጋም። በደም ሥር የሚሰጠው፣ ወተት የሚመስለው ፕሮፖፎል የሆድ ዕቃን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋ፣ ግፊት በጣም እስካልወረደ ድረስ ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ይጠብቃል። ኬታሚን ደግሞ የልብን ምትና የደም ግፊትን ስለሚደግፍ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ብዙም አይታወክም።

“እኔስ ከወገብ በታች ብቻ ነው የተወጋሁት” የሚሉ ይኖራሉ። እሱም ቢሆን ግፊት ካወረደ ወደ ጉበት የሚሄደውን በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በሃሎቴን ላይ የሚነሣ ሌላ ወሬ አለ፤ “ጉበት ይመታል” የሚለው። እውነትነት አለው፤ መንስኤው ግን በዋናነት ወደ ጉበት የሚሄደው ደም መቀነስ አይደለም። ሰውነት ከሳበው ሃሎቴን እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ጉበት ይሰባብረዋል። ስብርባሪው ከጉበት ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቅና በጥቂት ሰዎች ላይ የሰውነት መከላከያ የራሱን ጉበት እንዲያጠቃ ያደርገዋል። የሴቮፍሉሬን ስብርባሪ 5 በመቶ ቢደርስ ነው፣ ያውም ዓይነቱ ሌላ ነው፤ የአይሶፍሉሬን 0.2 በመቶ ገደማ ነው። በአሜሪካ ከ800 ሺህ በላይ የማደንዘዣ መዝገቦችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1966 የታተመው ጥናት ከባዱ የጉበት ጉዳት በጣም አልፎ አልፎ የሚታይ መሆኑን አሳይቷል። ያም ሆኖ አንድ ጊዜ ከሃሎቴን በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሁለተኛ ሃሎቴን መውሰድ የለበትም።

መድኃኒቱ ብቻውን አይደለም

እጅዎን ከቀኝ ጎድንዎ ሥር ያስቀምጡና በረጅሙ ይተንፍሱ። አየር ሲያስገቡ አንድ ነገር ወደ ታች ገፋ ሲያደርግ ይሰማዎታል። ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ ጉበትን እየገፋው ነው። በዚያው ቅጽበት በደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ከጉበት የሚወጣው ደምም ወደ ልብ ይሳባል።

ሙሉ ማደንዘዣ ላይ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ በመሣሪያ ነው የሚተነፍሰው። መሣሪያው አየሩን በግፊት ስለሚያስገባ በደረት ውስጥ ያለው ግፊት መቀነሱ ቀርቶ ይጨምራል። ያን ጊዜ ከጉበት የሚወጣው ደም መንገዱ ይከብደዋል። መሣሪያው ከልክ በላይ ካፈጠነና የታካሚው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካነሰ፣ የሆድ ዕቃ ደም ሥሮች ይጠብባሉና የፖርታል ደም ይበልጥ ይቀንሳል።

የሐሞት ጠጠር በካሜራ ሲወጣ ደግሞ ሆድ በጋዝ ይነፋል። የጋዙ ግፊት ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። በፖርታል ውስጥ ያለው ግፊት በደህናው ቀን ከ5 እስከ 10 ብቻ ነው። በጣትዎ ጫን ሲሉት የተኛው ያ ስስ ቱቦ እንዲህ ያለውን ግፊት በቀላሉ አይቋቋምም። የላይኛው ሆድ ተከፍቶ ሲሠራም የቀዶ ሐኪሙ እጅና መሣሪያ የሚያስከትሉት መቀነስ ከማደንዘዣው ሊበልጥ ይችላል።

ይህ ሁሉ ሲደራረብ የሚያስፈራ ይመስላል። ጤነኛ ጉበት ግን ትልቅ መጠባበቂያ አለው። የሚመጣው ደም ሲያንስ ከእያንዳንዱ ጠብታ የሚወስደውን ኦክስጅን ይጨምራል። ስለዚህ አብዛኛው ጤነኛ ሰው ኦፕራሲዮኑን ያለ አንዳች የጉበት ጉዳት ይወጣዋል።

ያው ብርጭቆ እንደገና

አሁን ቡናውን ሌላ ስም እንስጠው፤ መድኃኒት ይሁን። ብርጭቆውን በበረካ ሞልተው ከቧንቧው ሥር ያድርጉት። ቧንቧው በደንብ ከተከፈተ በጥቂት ሴኮንዶች ይጠራል። ቀጭን ከሆነ ረጅም ጊዜ ይፈጃል።

ሊዶኬይን፣ ሞርፊን፣ ፌንታኒልና ኬታሚን የዚህ ዓይነት ጠባይ አላቸው። ጉበት እነሱን ለመስበር ብዙ አይቸገርም። ለምሳሌ ሊዶኬይን በጉበት አንዴ ሲያልፍ 70 በመቶ ያህሉ ይወገዳል። ፍጥነቱን የሚወስነው ስንት ደም ወደ ጉበት ደረሰ የሚለው ነው። ስለዚህ ማደንዘዣው የጉበትን ደም ሲቀንስ የእነዚህን መድኃኒቶች መውጫ ያዘገያል። ኬታሚንን የመሰለው ማደንዘዣ ራሱም ከዚህ አያመልጥም፤ ሌላ ነገር የጉበትን ደም ከቀነሰው በደም ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል።

ዲያዜፓም ግን እንዲህ አይደለም። በጉበት አንዴ ሲያልፍ የሚወገደው እጅግ ጥቂት ነው። ለእሱ የደሙ መብዛት ወይም ማነስ ብዙ አይለውጥም፤ ወሳኞቹ ጉበት ውስጥ ያሉት ሰባሪ ኢንዛይሞች ናቸው።

ፕሮፖፎል በመሐል ነው። ጉበት በብዛት ያስወግደዋል፣ ግን ብቻውን አይደለም። ጉበት በሚተከልበት ቀዶ ጥገና ላይ፣ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ገና ሥራ ባልጀመረበት ጊዜ እንኳ ፕሮፖፎል መሰባበሩን አያቆምም፤ ኩላሊት ያግዛል። ሴቮፍሉሬንና አይሶፍሉሬን ደግሞ በአብዛኛው በገቡበት በሳንባ ይወጣሉ። ጡንቻ የሚያላላው አትራኩሪየም በደም ውስጥ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል። ጉበቱ ለታመመ ሰው ባለሙያው እንዲህ ያሉትን የሚመርጠው ለዚህ ነው።

ባለሙያዎች የጉበትን ደም ለመለካት የሚጠቀሙበት ዘዴም ከብርጭቆው አይርቅም። ኢንዶሲያኒን ግሪን የሚባል አረንጓዴ ቀለም በደም ሥር ይወጋል። ይህን ቀለም ከደም የሚያወጣው ጉበት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ጣት ላይ የሚደረግ መሣሪያ ቀለሙ በምን ፍጥነት እንደሚጠፋ ይከታተላል። ቶሎ ከጠፋ ጉበት ደም እያገኘ እየሠራም ነው።

ግፊቱ ተስተካከለ ማለት

በኦፕራሲዮን ክፍል ያለው ማሳያ የክንድዎን ግፊት ያሳያል እንጂ የጉበትዎን ደም አያሳይም። ግፊት ሲወርድ ባለሙያው ደም ሥር የሚያጠብብ መድኃኒት ቢሰጥ ቁጥሩ ይነሣል። ነገር ግን የጠበበው ደም ሥር ወደ አንጀት የሚወስደው ከሆነ ቁጥሩ አምሮ ሳለ ፖርታሉ ሊደርቅ ይችላል። ቫሶፕረሲን የተባለው መድኃኒት በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ እንዲያውም በጉበት በሽታ ምክንያት ከጉሮሮ በታች ያሉ ደም ሥሮች ፈንድተው ሲደሙ የፖርታልን ደም ሆን ብሎ ለመቀነስ ሲሠራበት ቆይቷል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ መጀመሪያ የጎደለ ፈሳሽ ካለ ይሞላል፣ የማደንዘዣውን መጠን ይመለከታል፣ ከዚያ ልብን ጭምር የሚያግዝ እንደ ኤፌድሪን ያለ መድኃኒት ያስባል።

በአገራችን ይህ ነገር ይበልጥ የሚነካቸው ሰዎች አሉ። የአንጀት ቢልሃርዚያ ለዓመታት የቆየበት ሰው የትሏ እንቁላሎች በፖርታል ቅርንጫፎች ዙሪያ ጠባሳ ይተዉበታል። ሰፊው ቱቦ ይታፈናል፣ ጣፊያ ያብጣል፤ ጉበትም በቀጭኑ ቱቦ ላይ ይበልጥ ይደገፋል። በእንዲህ ያለ ታካሚ ላይ የግፊት መውረድ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ፕሮፕራኖሎል ይታዘዝለታል፤ ፕሮፕራኖሎል በፖርታል የሚመጣውን ደም ስለሚቀንስ እዚያ ያለውን ግፊት ያበርዳል። ያው ፕሮፕራኖሎል ግን ሊዶኬይን ከደም የሚወጣበትን ፍጥነት ያዘገያል። የማደንዘዣ ባለሙያው ይህን አስቀድሞ ካወቀ የሊዶኬይኑን መጠን ይቀንሳል።

እንግዲህ ኦፕራሲዮን ሲቀጠርልዎ እነዚህን ለባለሙያው ይንገሩ፦ የጉበት በሽታ፣ ቢልሃርዚያ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን አጋጥሞዎት ከሆነ፤ ከዚህ በፊት ማደንዘዣ ወስደው የተቸገሩበት ነገር ካለ፤ አልኮል ይጠጡ ወይም ጫት ይቅሙ እንደሆነ። ጫት የልብን ምትና የደም ግፊትን ስለሚያነሣ ጥያቄው የሥነ ምግባር ጉዳይ አይደለም። የባህል መድኃኒትም መድኃኒት ነውና አይደብቁት። አትብሉ የተባሉበትን ሰዓት ያክብሩ፤ ምክንያቱ ጉበት ሳይሆን የጨጓራ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው።

የሚወስዱትን ኪኒን ደግሞ በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ፕሮፕራኖሎልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ልብ ሊታወክ ይችላል። የትኛው ይቀጥል፣ የትኛው ይቁም የሚለውን ባለሙያው ይወስን። የኪኒኑን ስም ካላስታወሱ ማሸጊያውን በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ስሙም መጠኑም ተጽፎበታል።